ሦስት ቀን በተራ አየር

ፕሮፌሰር ፕዮ ግዮንግሱ ሰኞ ጠዋት በሩዝ ማብቀያው ክፍል ውስጥ ሞተው ተገኙ። አስከሬናቸው ገና ሳይነሳ ጥፋተኛ ተገኘ፤ በእንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ጥፋተኛ ሁልጊዜ የሚፈለገው ከታች ነውና። ሃያ ዓመት ችግኝ ያጠጡት እትዬ ቦንግ ሱንሬ፣ ዓርብ ለችግኞቹ የሚለቀቀውን የካርቦን ጋዝ ሲሊንደር የቀየሩት እሳቸው ነበሩ።

«መክፈቻውን እስከ መጨረሻው ለቃው ሄደች!» አሉ የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ማ። «ጋዙ ከዓርብ ጀምሮ ሲፈስ ከርሞ ሰውዬውን ገደላቸው። ምን ይመረመራል? ወህኒ ነው!»

መርማሪ ኦክ ሚራን ወደ ማብቀያው አመራች። ብቻዋን ገብታ ችግኞቹን አየች። ሁሉም ቢጫ ነበሩ።

እትዬ ቦንግን ኮሪደሩ ላይ አገኘቻቸው።

«በልኩ ነው ከፍቼው የሄድኩት፣ ልጄ። ማን ያምነኛል?»

«እትዬ፣ ችግኞቹ ጋዙን ይጠሉታል?»

ሴትየዋ እያለቀሱ ሳቅ አመለጣቸው። «ኧረ በሱ ነው የሚኖሩት! ቅጠል ብርሃን ላይ ካርቦን ሲቀበል አንዳንዴ ይሳሳትና ኦክስጅን ይይዛል። ከስህተቱ መርዝ ይወጣል፤ ጤነኛ ሩዝ ያጸዳዋል። የተማሩት ብርሃናዊ ትንፈሳ ይሉታል። እነዚህ ግን ማጽጃ የጎደላቸው ናቸው። ካርቦን ሲበዛላቸው አይሳሳቱም፤ በተራ አየር ሦስት ቀን አይቆዩም። ዶክተር ታክ ‹ሌላ ማጽጃ ሠርቼ አዳንኳቸው› ብሎ ተሸለመ። ከዚህ ክፍል ግን አንድ ቀን አውጥቷቸው አላየሁም።»

«ይህን ለማን ነገሩ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ዶክተር ታክ ኢንሆ፣ ሟቹ እንደ ልጅ አቅርበው ያስተማሩት ተመራማሪ፣ ዓይኑ በለቅሶ ቀልቶ ሲደርስ መርማሪዋ አስቆመችው።

«ከዓርብ ወዲህ እዚህ መጥተህ ነበር?»

«ቡሳን፣ እናቴ ጋ ነበርኩ። አሁን ገና መድረሴ ነው።»

«ችግኞችህስ?»

«ምን ይሆናሉ፣ ጋዝ በዛባቸውና ቢጫ ሆነው ቀሩ።»

ቀትር ላይ ሦስቱንም ማብቀያው በር ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ጋዙ ከዓርብ ጀምሮ ቢፈስ ኖሮ ችግኞቹ ይለመልሙ ነበር» አለች። «ቢጫ ሆነዋል፤ ስለዚህ ያገኙት ተራ አየር ነው። እትዬ ከሄዱ በኋላ ጋዙን የዘጉት ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ናቸው፤ ሩዙ በእርግጥ መዳኑን ሊፈትኑ። እሁድ ውጤቱን ሊያዩ ገቡ። ያኔ አንድ ሰው በሩን ከውጭ ቀርቅሮ ጋዙን ለቀቀባቸው፤ ሲሞቱም መቀርቀሪያውን መልሶ ከፍቶ ሄደ።»

«ማን?» አሉ ዶክተር ማ።

«ከእኔ፣ አስከሬኑን ካገኙት ከእትዬና ካወጡት ሰዎች በቀር ዛሬ ማንም አልገባም። መስኮትም የለም። ቢጫ መሆናቸውን ማን ነገረህ፣ ታክ? ጋዝ እንደማያገረጣቸውስ ከአንተ በላይ ማን ያውቃል?»

ታክ ግድግዳውን ተደገፈ። «‹ና፣ ራስህ ተመልከት› ብለው ደወሉልኝ። ሊያዋርዱኝ ነበር! ስሜን ሊያጠፉት ነበር!»

መርማሪዋ ከሟቹ ኪስ የተገኘውን ደብዳቤ ዘረጋችለት። የታክን የሩዝ ጥናት ላወጣው መጽሔት የተጻፈ ነበር፦ «የሩዙ ውጤት ስህተት ነው። ሳላጣራ ያጸደቅሁት እኔ ነኝ፤ ስህተቱ በእኔ ስም ይመዝገብ። ኢንሆ ገና ወጣት ነው።»

ታክ ሁለቴ አነበበው፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ዶክተር ማ ይቅርታ አልጠየቁም፤ ሰዓታቸውን አዩ። እትዬ ቦንግ ወደ ማብቀያው ገቡና ጎንበስ ብለው አንዱን ቢጫ ቅጠል ዳሰሱ።

«እነዚህስ ጋዙ ቢመለስላቸው ያገግማሉ» አሉ። «ግን አስተማሪውም ተማሪውም ከሌሉ፣ ለማን ብለው?»