«ይመስገን» ያላለው መምህር

«እንቅልፍ ካጡ ስንት ጊዜ ሆነዎት፣ መምህር?»

አግማስ ምን ይበል? አማካሪዋ ጽናት ከኮምቦልቻ ተዛውራ ሆጤ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤታቸው ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው። የእሱም እንቅልፍ የጠፋው የዚያኑ ዕለት ነው። ይኼ ደግሞ ለራሷ ለጽናት እንዴት ይነገራል?

«ሦስት ሳምንት...» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«አይዞዎት። ሐሙስ ሐሙስ ይምጡ።»

የጽናት ሥራ የተማሪውንም የመምህሩንም ጭንቀት ማዳመጥ ነው። ልጆቹ ወዲያው ለመዷት፤ በእረፍት ሰዓት ደጇን ያጣብቡታል። መምህራኑ ግን እንዴት ሰንብተዋል ብላ ለበተነችው ወረቀት ግማሹ «አልሐምዱሊላህ»፣ ግማሹ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው መለሱላት። ልጁ የታመመበትም ይመስገን፣ ወገቡ አላስቆም ያለውም ይመስገን። «ደህና አይደለሁም» ብሎ የጻፈ አንድ አግማስ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን ቢሮዋ መግቢያ ሰበብ ቸግሮት ነው።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የአግማስን ግን የጽናት ዝምታ አወጣው። በአራተኛው ሐሙስ ሳያስበው ስለ አባቱ ጀመረ። አምና ከለቅሷቸው በተነሣ ማግስት ጠመኔ ይዞ ክፍል ገብቷል፤ አላለቀሰላቸውም። ያን ቀን አለቀሰ። ጽናት አላቋረጠችውም። ሲወጣ ትከሻው ቀሎት ነበር።

በሳምንቱ ጽናት ፊቷ ጠቁሮ ጠበቀችው።

«ቢሮዬ ሊዘጋ ነው። መምህራን አልመጡበትም ተባለ። ስምዎን ሳልጠራ፣ አንድ ሰው ግን እውነቱን ጽፎልኛል ብዬ ተከራከርኩ።»

ይህን ሰምቶ ዝም ማለት አልሆነለትም።

«እኔ የጻፍኩት... እርስዎን ለማየት ብዬ ነው።»



«እኔ ደግሞ የተማመንኩት በዚያች ወረቀት ነበር» አለችና በሩን ከፈተችለት።

ሰኞ መምህራኑ ተሰበሰቡ። ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ነጂባ የቢሮውን ጉዳይ አነሱ። ከተዘጋ ጽናት ወደ ኮምቦልቻ ትመለሳለች። አግማስ ተነሣ።

«ያ ቢሮ የገባሁት በሰበብ ነው። ሰበቤን ጽናት ታውቀዋለች።» ከኋላ አንዱ ሳቀ። «ግን አባቴን ያለቀስኩት እዚያ ነው። ዛሬ ልጆቹ ሲስቁ አብሬያቸው እስቃለሁ። አምና አልችልም ነበር።»

ሠላሳ ዓመት ያስተማሩት ጋሽ ወልደ ሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔም እኮ ይመስገን ያልኩት አፌ ለምዶት ነው። እስቲ ለእኔም ቀን ይያዝልኝ።»

«ወላሂ፣ ከእርሳቸው ቀጥሎ እኔን ጻፊኝ» አሉ ወይዘሮ ነጂባ። ቢሮውን የመዝጋቱን ነገር ከዚያ በኋላ ያነሣው የለም።

ከስብሰባው ሲወጣ ጽናት በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ከእንግዲህ ቢሮዬ እንዳትመጣ።»

አግማስ ደነገጠ። አንተ ማለቷን እንኳ ልብ አላለም።

«ይቅርታ አያደርጉልኝም?»

«አድርጌያለሁ። ግን የምወደውን ሰው ማማከር አልችልም፤ ሥራዬ አይፈቅድም።»

«ታዲያ... የት ልምጣ?»

«ኮምቦልቻ፣ አባቴ ቤት። ሽማግሌ ይዘህ።»

በጥር ጋሽ ወልደ ሚካኤል ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ወረዱ። የጽናት አባት የመጡበትን ሰሙና ጠየቁ።

«ልጁ ጠባዩ እንዴት ነው?»

«እንደ ሰው ይዋሻል» አሉ ጋሽ ወልደ ሚካኤል። «ግን ውሎ አድሮም ቢሆን ራሱ ይናገራል።»

አባትየው ሳቁ። ልጃቸውንም ሰጡ።