ትርሲት በእግሯ ወረደች

ዱግ ዱግ ዱግ ዱግ! ትልቋ መርከብ በጣና ሐይቅ ላይ ወደ ባሕር ዳር ትመለሳለች።

በመርከቧ ላይ ትንሿ ትርሲት አለች። እናቷ፣ አባቷና ታላቅ ወንድሟ በእምነትም አሉ። ሽርሽሩ ዛሬ ያልቃል፤ ወደ ቤት እየገቡ ነው።

«ሰው ከመንገድ ሲመለስ ወሬ ይዞ ይገባል» አለ አባዬ። «እስቲ ለአባባ ምን ምን እንነግራቸዋለን?»

አባባ የትርሲት አያት ናቸው። ወደቡ ላይ ቆመው ይጠብቋቸዋል።

«እኔ ጉማሬ አየሁ እላቸዋለሁ!» አለ በእምነት። «ጆሮውን እንዲህ፣ እንዲህ ሲያደርግ!»

«እኔ ታንኳ ቀዘፍኩ እላቸዋለሁ» አለች እማዬ፤ ደረቷን ነፋ አድርጋ።

«እኔ ደግሞ ያ ሁሉ ማዕበል ሲመጣ አላስመለሰኝም እላቸዋለሁ» አለ አባዬ።

«ትንሽ አስመልሶሃል» አለች እማዬ። ሁሉም ሳቁ።

«ትርሲትማ በየወደቡ ታዘለች!» አለ በእምነት።

ትርሲት ፊቷን በእማዬ ነጠላ ሸፈነች። ምን ታድርግ? እውነቱን ነው።

ከመርከቧ የሚወረደው በሳንቃ ላይ ነው። ሳንቃው ጠባብ ነው። ከሥሩ ውሃው ጭልፕ! ጭልፕ! ይላል።

ትርሲት ሳንቃውን ባየች ቁጥር «አባዬ፣ እዘለኝ!» ትላለች። የመጀመሪያው ቀንማ እያለቀሰች ነበር ታዝላ የገባችው። አባባም ከወደቡ ላይ ሆነው አይተዋታል።

«ዛሬ በእግሬ እወርዳለሁ» አለች ትርሲት በልቧ። «አባባ ያዩኛል።»

በመርከቧ ወለል ላይ ረጅም ነጭ መስመር አለ። ትርሲት «ይሄ ሳንቃ ነው» ብላ ቆመችበት።

ቀኝ እግር፣ ቋ! ግራ እግር፣ ቋ! መርከቧ ወዝወዝ አለች። ትርሲት ዱብ!

«እኔን!» አሉ አውራ ዶሮ የታቀፉ አንዲት እናት። «እኔን!» አሉ ጆንያ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ።

ልጅ ሲወድቅ ትልቅ ሰው ሁሉ «እኔን!» ይላል። እኔ ልውደቅልሽ ማለቱ ነው። የወደቀችው ግን ትርሲት ናት፤ መቀመጫዋም አሟታል።

ትርሲት ተነሣች። ቀኝ እግር፣ ቋ! ግራ እግር፣ ቋ! ወዝወዝ... ዱብ!

«እኔን!» አለ የመርከቧ ሰው ሁሉ።

ለምን ትወድቃለች? እግሯን እግሯን እያየች ነዋ!

አውራ ዶሮው አንገቱን ቀና አድርጎ አያት። ትርሲትም ቀና ብላ በራሱ ላይ ያለውን ቀይ ኩክኒ አየች። እሱን እያየች ተራመደች።

ቋ! ቋ! ቋ! ቋ! መስመሩ አለቀ። ትርሲት አልወደቀችም!

«ኩኩሉ!» አለ አውራ ዶሮው።

ቡዉዉዉ! መርከቧ ወደቡ ጋ ደረሰች። ሳንቃው ተዘረጋ።

አባዬ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጣት። «ነይ፣ ልዘልሽ።»

ትርሲት ሳንቃውን አየችው። ከነጩ መስመር የጠበበ መሰላት። ውሃው ጭልፕ! ጭልፕ! ይላል።

«አይ፣ አባዬ» አለች። «በእግሬ።»

አባዬ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «እሺ። እኔ ከኋላሽ ነኝ።»

ትርሲት ቀና አለች። እዚያ ማዶ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ አለ። ከጃንጥላው ሥር አባባ አሉ። እሳቸውን ብቻ አየች።

ቀኝ እግር፣ ቋ! ግራ እግር፣ ቋ! ሳንቃው መሃል ላይ ሲጥ! አለ።

ትርሲት ቆመች። «እዘለኝ» ልትል አፏን ከፈተች።

«አይዞሽ!» አሉ ባለዶሮዋ እናት። «አይዞሽ!» አለ የመርከቧ ሰው ሁሉ። በእምነት ከሁሉም በላይ ጮኸ።

ትርሲት አፏን ገጠመች። ቀኝ እግር፣ ቋ! ግራ እግር፣ ቋ! ቀኝ እግር... መሬት!

«እሰይ!» አለ ሰው ሁሉ። ጭብጨባው ቀለጠ።

አባባ ጃንጥላቸውን ጣሉና ግራ ቀኝ ተመለከቱ። «ታዝላ የሄደች አንዲት ልጅ ነበረችን» አሉ። «የት ጣላችኋት?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ! እኔ ነኝ!»

«አንቺ? አንቺማ በእግርሽ ነው የመጣሽው!» አሉና ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት። ትርሲት ኮራች። በጣም፣ በጣም ኮራች።

ማታ ጎረቤቶች «እንኳን ደህና ገባችሁ!» እያሉ መጡ። በእምነት ስለ ጉማሬው አወራ። እማዬ ስለ ታንኳው አወራች። አባዬ ስለ ማዕበሉ ዝም አለ።

«ሳንቃውን በእግሬ ተሻገርኩ» አለች ትርሲት። «ከዚህ እስከ በሩ ይደርሳል።»

ሌላ ጎረቤት ገባች። «እስከ አጥሩ ይደርሳል!» አለች ትርሲት።

ሌላም መጣ። «እስከ አስፋልቱ ይደርሳል!»

በእምነት አፉን ከፈተ። አባባ ቀደሙት። «እኔ ምስክር ነኝ» አሉ። «ረጅም ነበር።»

ጎረቤቶች ሲሄዱ ትርሲት ሶፋው ላይ ጥቅልል ብላለች። ዐይኖቿ ክድን፣ ክድን ይላሉ።

አባዬ ቀስ ብሎ አዘላትና ወደ አልጋዋ ወሰዳት። ብርድ ልብሱን ሲያለብሳት አንድ ዐይኗን ገለጥ አደረገች።

«አባዬ፣» አለች በሹክሹክታ፣ «አሁን እንዳዘልከኝ ለአባባ እንዳትነግራቸው።»

«አልነግርም» አለ አባዬ። ግንባሯንም ሳማት።