የቆፈን ሐይቅ ጥሪ

በሐርመን መንግሥት፣ ገብሱ ገና ሳይታጨድ፣ የቆፈን ሐይቅ ዓሦች ሆዳቸውን ለሰማይ ሰጥተው ተንሳፈፉ። ሽማግሌዎቹ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ምልክት ለመፍታት ጠንቋይ አያስፈልግም፤ የዘንድሮው ብርድ ሰው ሊፈጅ ነው።

ያን ብርድ የሚመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሐይቁ መካከል ባለችው ደሴት ላይ የምትቀመጠው የፀሐይ ድንጋይ። በየዓመቱ የየመንደሩ ዋናተኞች ይሽቀዳደማሉ። ቀድሞ የነካት ለመንደሩ ይወስዳታል፤ የብርዱን ወራትም በሙቀቷ ይወጣሉ። የተሸነፈው መንደር ምን ይሆናል ትሉኝ እንደሆነ፣ መቃብር ይቆፍራል።

የጉልማ መንደሯ ሐመሪት አምና አባቷን ቀብራለች። ዘንድሮ ደግሞ ታናሽ እህቷ እንቡጥ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ከተኛችበት አልነቃ ብላለች። ሐመሪት አላለቀሰችም። ከአባቷ ቀብር ወዲህ ውስጧ ደንዝዟል፤ ሲያጽናኗት «እሺ»፣ ሲቆጧትም «እሺ» ነው መልሷ። ሐይቁ ዳር ቆማ እንኳ፣ «በአባቴ አፈር እምላለሁ፣ ድንጋዪቱን ሳልይዝ አልመለስም» ብላ ስትምል ድምፁ የሌላ ሰው መሰላት።

አብሯት የሚዋኘው የመንደሯ ልጅ ቡላድ ነው። እናቱ እመት ደርባ ብርዱን እንዲከላከልለት ጀርባውን በሞራ ያሹታል፤ እሱ ይቀልዳል።

«እኔን የዋጠ ውሃ ቃር ይያዘው!»

«አንተ ለፍላፊ! አፍህን ዝጋና ጠጠርህን ያዝ» አሉት።

ጠጠሩ ነገር አለው። ከሐይቁ ሥር እመ በረድ የምትባል ፍጥረት ትኖራለች። እሷ አታሳድድም፤ ትጣራለች። በምትወዱት ሰው ድምፅ፣ በስማችሁ። ቀድሞ «አቤት» ያለ የሷ ነው፤ አንዱን ካገኘችም እስከ ከርሞ ድምፅዋ አይሰማም። የሐርመን ሰው ደግሞ ጨዋ ነው፣ ሲጠሩት ዝም ማለት አልተማረም። ስለዚህ ዋናተኛ ሁሉ አፉ ውስጥ ጠጠር ይዞ ይገባል።

የንጉሡ አዋጅ ነጋሪ ጎራዴውን መዘዘ። «የሐርመን ልጆች ሆይ! ውሃው ወገን አይለይም፣ ለፈሪም ለጀግናም እኩል ይበርዳል። ግቡ!»

ገቡ። ብርዱ መጀመሪያ ነከሰ፣ ከዚያ ጣት ጣቱን ወሰደ። የበረዶው ሳንቃ ውሃውን እንደ ክዳን በገጠመበት ቦታ ትንፋሻቸውን ውጠው በሥሩ አለፉ። ከሌላው መንደር ዋናተኞች አንዳንዶቹ እዚያው ተመለሱ። ቀጥሎ ከጥልቁ የበቀለው የእሾህ አጥር መጣ። ሐመሪት ትከሻዋ ተቀደደ፣ ደሟንም አየች፤ ሕመሙ ግን አልመጣም። ጥርሷ ሲንቀጠቀጥ ጠጠሩ አመለጣት። በእጇ ዳበሰች፤ የደነዘዘ እጅ ምን ያገኛል!

ከአጥሩ ወዲያ ውሃው ዝም አለ። ደሴቲቱ ቅርብ ናት፣ ከፊታቸው ማንም የለም፣ ቡላድም ከጎኗ ነው።

«ሐመሪት! ነይማ ልጄ።»

የአባቷ ድምፅ ነው። በገዛ እጇ አፈር ያለበሰችው ሰው መሆኑን ታውቃለች። ነገር ግን ዓመት ሙሉ ምንም ያልገባበት ደረቷ ሞቀ። ወይ ጉድ፣ እንዴት ናፍቃው ኖሯል! አፏ ተከፈተ።

ቡላድ ዞሮ አያት። ጠጠር የሌለው አፏን አየ። ለአፍታ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ያ ቀልደኛ ፈርቷል፣ በጣም ፈርቷል። ከዚያ የራሱን ጠጠር ተፋና ሐይቁ እስኪያስተጋባ ጮኸ።

«አቤት!»

ውሃው ተከፈተ፣ ተዘጋም።

ሐመሪት ዋኘች። ሌላ ምን ታድርግ? የሷ በማይመስሏት ክንዶች እየቀዘፈች ደሴቲቱ ላይ ወጣች፣ ድንጋዪቱንም አቀፈች።

ጉልማ በእልልታ ተናወጠ። እንቡጥ ከድንጋዪቱ አጠገብ በተኛችበት ዓይኗን ገልጣ «ራበኝ» አለች፤ ሴቶቹ እየሳቁ አለቀሱ። «መንደራችንን አተረፍሽ» አሏት ሐመሪትን። «እሺ» አለች።

ከሐይቁ የተመለሰን ሰው እግር የምታሽ እናቱ ናት። ሐመሪት ግን እናት የላትም፤ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ሲተያይ እመት ደርባ ሞራቸውን ይዘው መጡ። ቁጭ ብለው እግሯን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ይሰማሻል?»

«አይሰማኝም፣ እመት።»

አሹ። ብዙ አሹ። ከዚያ ቀና ሳይሉ ጠየቋት።

«ሲሄድ ምን አለ?»

«የጠራችው እኔን ነበር፣ በአባቴ ድምፅ። እሱ ቀደመኝና ‹አቤት› አላት።»

የእመት ደርባ እጅ ቆመ።

«ባንድ ጥሪ?»

«ባንድ ጥሪ።»

«እኔ እናቱ» አሉ እመት ደርባ፣ «ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ካልጠራሁት አቤት ብሎኝ አያውቅም።»

እንደገና ማሸት ጀመሩ፤ አሁን እንባቸው ከሞራው ጋር እየተቀላቀለ። ሐመሪት እግሯን ሳበች።

«አመመኝ» አለች። «እመት፣ አመመኝ!»

«እሰይ» አሉ እመት ደርባ፣ እግሯን ሳይለቁ። «እሰይ፣ ልጄ።»