ዘመናይ፣ ገጽ 31 እና 214

ሕሊና አንዲት መስመር ፈራች። ኮምፒውተሩ ላይ ከሁለት ሺህ በላይ ስሞች በፊደል ተራ ተደርድረዋል፤ ከነዚያ ሁሉ ያስፈራቻት አንዷ ብቻ ናት።

ዘመናይ (ወለተ ሥላሴ)፦ 31፣ 214

ነገሩ የተጀመረው ሚያዝያ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብላ ወዳለችው የሕሊና የጽሕፈትና የኅትመት ቤት አንድ ረጅም ወጣት ፍላሽ ይዞ ገባ። አምሳሉ ይባላል፤ ደብረ ኤልያስ ውስጥ የከብት ሐኪም ነው። አባቱ መምህር ሙላት ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የአካባቢውን ሰው የትውልድ ሐረግ ሲሰበስቡ ኖረው መጽሐፍ አድርገውታል። የቀራቸው ከመጽሐፉ ጀርባ የሚገባው የስም ማውጫ ነበር፤ ማን በየትኛው ገጽ እንዳለ የሚያሳየው።

«አባቴ በካርድ እየጻፈ እስከ ‹መ› ደርሶ ዓይኑ ደከመበት» አለ አምሳሉ።

«በእጁ? በዚህ ዘመን?»

«ባንቺ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሦስት ቀን። ዳታቤዝ ይሠራዋል።»

«አራት መቶ ገጽ በሦስት ቀን ታነቢያለሽ?»

«ማን አነባለሁ አለህ? ላለማንበብ እኮ ነው ፕሮግራም የምጽፈው!»

ሳቀ። ሳቁ ቢያልቅም ዓይኑ ከፊቷ አልተነሣም። እንዲህ የሚያያትን ሰው «ምን ፈለግህ?» ማለት ልማዷ ነበር። ያን ቀን አላለችም።

ሦስቱ ቀን አምስት ወር ሆነ። መምህሩ እርማት መላክ አላቆሙም፤ እርማቱን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያመጣው አምሳሉ ነው። ነሐሴ ላይ እርማት ሳይኖርም መምጣት ጀመረ። ዘመን ሲለወጥ የመጋባታቸው ነገር ለሁለቱም ቤት ተነገረ፤ በመጪው እሑድ ሽማግሌዎች አምበር ወላጆቿ ቤት እንዲሄዱ ተቆረጠ።

ሥራው ቀላል ነበር። አንዱ ሠንጠረዥ ላይ ገጾቹን፣ ሌላው ላይ ስሞቹን አስገብታለች፤ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ስም በየገጹ ይፈልጋል። መጨረሻ ላይ ሦስተኛ ሠንጠረዥ ጨመረች፤ መምህሩ ለብቻ የላኩትን የዓለም ስምና የክርስትና ስም ዝርዝር። ሁለት ስም ያለው ሰው አንድ መስመር ላይ እንዲገባ ብላ ነው።

ገጽ 31ን ከፈተች። የአምበር ምዕራፍ ነው። «ዘመናይ ደምሴን ለወግ ለማዕረግ አበቃችው» ይልና ከደምሴ ጀምሮ እየቆጠረ ወርዶ አለቃ ኪዳነ ማርያም ላይ ያቆማል። አለቃ ኪዳነ ማርያም የእናቷ አባት ናቸው።

ገጽ 214 የይጁቤ ምዕራፍ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ ስለተቀዳ ሰዉ በክርስትና ስሙ ነው የተጠራው። ከወለተ ሥላሴ ይነሣና መምህር ሙላት ላይ ያበቃል።

በጣቷ ቆጠረች። እስከ እሷ ስድስት ቤት፤ እስከ አምሳሉ አምስት። ሰባት ቤት ያልሞላው ዘመድ አይጋባም። እናቷ ይህን ብትሰማ ሽማግሌዎቹን ከደጅ ነው የምትመልሳቸው።

ደጋግማ ቆጠረች። ቁጥሩ አልተለወጠም። መምህሩን መጠየቅ የአንድ ስልክ ነገር ነበር፤ መልሳቸውን ግን ፈራች።

መስመሯን ሰረዘቻት።

በማግስቱ አምሳሉ ደወለ።

«ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«ሥራ።»

«አባባ ሐሙስ ራሱ ይመጣል። ማውጫውን በዓይኔ ካላየሁ ወደ ማተሚያ አይገባም ብሏል።»

ስልኩን ዘጋች፤ የሰረዘቻትን መስመር ግን አልመለሰቻትም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አባትና ልጅ በዝናብ መጡ። መምህር ሙላት ጥላቸውን በር ላይ አራግፈው፣ ማጉያ መነጽራቸውን አውጥተው፣ የማውጫውን ወረቀት ገለጥ ገለጥ አደረጉና ቀጥታ ወደ ‹ዘ› ሄዱ።

«ዘመናይ የለችም» አሉ። «የኔን ቅድመ አያት እናት የት አደረሳችኋት?»

«ማሽን አይደል፣ ስቶ ይሆናል» አለ አምሳሉ፤ ለሷ አዝኖ።

አዎ ብትል ያበቃ ነበር። እጆቿን ጠረጴዛው ሥር ደበቀቻቸው።

«አልሳተም ጋሼ። እኔ ነኝ የሰረዝኳት።» ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ገጾቹን፣ ቆጠራውን፣ እሑድን።

መምህሩ ማጉያ መነጽራቸውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጡ።

«አንቺ ልጅ» አሉ፤ «እኔ ዕድሜዬን የሰው ዘር ስቆጥር ኖሬ፣ የልጄን እጮኛ ሳልቆጥር ሽማግሌ የምልክ ይመስልሻል? ስምሽን በሰማሁ ሳምንት ነው የቆጠርኩሽ! ገጽ ሠላሳን አይተሻል?»

«ሠላሳ ላይ ስሟ የለም።»

«ስሟማ የለም! አንብቢው እንጂ።»

አነበበች። «የደምሴ እናት ልጁ ክርስትና ሳይነሣ ሞተች። አባቱም ሕፃኑን እንደታቀፈ፣ ከሟች ባሏ ይጁቤ ልጅ ያላትን ሌላ ሚስት አገባ።» ሌላዋ ሚስት ዘመናይ ነበረች። ለደምሴ የእንጀራ እናቱ ናት፤ አሳደገችው እንጂ አልወለደችውም፤ የይጁቤ ልጇም ከሌላ አባት ነው። ፕሮግራሙ የሚያወጣው ስም ያለበትን ገጽ ብቻ ነው፤ ሕሊናም አንድ ገጽ ወደኋላ አልገለጠችም።

ልትስቅ ቀና ስትል አምሳሉ አለመሳቁን አየች።

«አባባ ባይመጣ ኖሮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሳትነግሪኝ ታገቢኝ ነበር?»

«አዎ።»

«ዘመዴ ነው እያልሽ?»

«አዎ።»

መምህሩ ጥላቸውን አንሥተው ወደ ደጅ ወጡ።

«እኔስ አሁን ፈራሁሽ፣ ሕሊና።»

ይህኛው ፍርሃት ከመጀመሪያው ባሰባት። የሚሰረዝ መስመር የለውም።

«ፍራኝ» አለች። «ልክ ነህ። ግን አትሂድ።»

አምሳሉ በሩን አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ ወንበር ስቦ፣ ከሷ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ለእሑድ ሦስት ቀን ቀርቶናል» አለ። «ሌላም የደበቅሽኝ ካለ አሁን ንገሪኝ። ትልቅም ይሁን ትንሽ።»

ሕሊና መናገር ጀመረች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቸኩል። ደጅ ላይ መምህር ሙላት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላም፣ ጥላቸውን ዘርግተው ጀርባቸውን ሰጥተዋቸው ቆመው ነበር።