«የተተወ ጓሮ» ያለው ማን ነው?

ሌላ ሴት ብትሆን ትረሳው ነበር። ካሳነሽ ግን ያችን ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ሰክታ አምስት ዓመት ኖረች። «የተተወ ጓሮ!» የእሷን ጓሮ! ማለዳ የምታጠጣውን፣ ተንበርክካ የምታርመውን! ጠላት ቢለው እንኳ ባልከፋ። ያለው ግን ሰውመሆን ነው፤ የምትወደው ሰው።

ሰውመሆን የወረታ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ፎቶ ማንሳት ተምሮ ተመለሰና ፎገራ ሜዳ ላይ ጓሮ ለጓሮ መዞር ጀመረ። ስንት የፎገራ ላም እያለለት ሽንኩርትና ዱባ ሲያነሳ ሰው ሳቀበት። ርብ ወንዝ ዳር ካለው ከካሳነሽ ጓሮ የደረሰ ዕለት፣ ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ መደቡ መሃል ገባ።

«እግርህን አንሳ! የረገጥኸው ሽንኩርት ነው፤ አስፋልት መሰለህ?»

«ይቅርታ እህቴ፣ አላየሁም።»

«ሦስት ዓይን ይዘህ ነው የማታይ?»

ሳቀ። እሷ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው መጣ።

«ምን አይተህበት ነው እንዲህ የምትመላለስ?» አለችው አንድ ቀን።

«የሆቴል አበባ ሰለቸኝ፤ ለማማር ብቻ የተተከለ ነው። እኔ የምፈልገው ሰው የደከመበትን መሬት ነው።»

ይህን ሲል የሚያየው ጓሮውን አልነበረም። እሷም ከውሃ መሳቢያው ሞተር ቧንቧ ሥር ያስቀመጠችው ባልዲ ሞልቶ ሲፈስ አላወቀችውም።

ጥር ላይ ሽንኩርቱ አበባ የሚሸከመውን ዘንግ ማውጣት ጀመረ። ይህን ጊዜ ሴቶቹ ዘንጉን እየዞሩ ይቀነጥሱታል፤ አለዚያ ጉልበቱ ሁሉ ወደ አበባው ይሄድና መሬት ውስጥ ያለው ሽንኩርት ሳይሞላ ይቀራል። ካሳነሽ ልትቀነጥስ ስታጎነብስ ሰውመሆን እጇን ያዘ።

«ተይው። አንድ ጊዜ ብቻ ያብብልኝ።»

ተወችለት። ለምን ቢሉ፣ ስለወደደችው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ነጭ ድቡልቡል አበባ መደቡን ሞላው። ወንድሟ ደሴ ጮኸባት። በመንገዱ የሚያልፈው ሁሉ «የሰነፍ ሽንኩርት አበበ!» እያለ ሳቀባት። ቻለችው። ሰውመሆንም «ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ» ብሎ ፎቶውን ይዞ አዲስ አበባ ሄደ።

ፋሲካ ሳይደርስ የእህቷ ልጅ መስከረም ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። «አክስቴ፣ የኛ ጓሮ ኤግዚቢሽን ላይ ወጣ!» ካሳነሽ ፊደል ቆጥራ ነው የምታነብ። ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል አነበበች። አላመነችምና ደግማ አነበበች። «የተተወ ጓሮ።»

ሽማግሌዎቹ እንደ ቃሉ መጡ። መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ቆመው ገና «ልጃችሁን ለልጃችን…» ሲሉ ካሳነሽ ከጓዳ ወጣች።

«መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝ። የተተወ ነገር ፍለጋ ከመጡ እዚህ የለም።»

ደሴ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ሰውመሆን ደወለ፤ አላነሳችም። ራሱ መጣ፤ አልከፈተችም። ሌሎች ለትዳር ሲጠይቋትም እምቢ አለች። ጥር በመጣ ቁጥር የሽንኩርቱን ዘንግ የሰው አንገት ይመስል ትቀነጥሰው ነበር።

ዘንድሮ ኤግዚቢሽኑ ባሕር ዳር መጣ። መስከረም ብትነግራት ማንንም ሳታማክር ሚኒባስ ተሳፈረች።

ጓሮዋ በር አክሎ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ቆሟል። አንድ ባለ መነጽር ሰው አጠገቡ ላለችው ሴት ያስረዳል። «ብቸኝነቱን ተመልከቺ። ሰው ጥሎት የሄደ መሬት ነው።»

«ማን ጥሎት ሄደ?» አለች ካሳነሽ ከኋላው። «ይህ ሲነሳ እኔ እዚህ፣ ከፎቶው ጫፍ ላይ ቆሜ ነበር። ፈቀቅ በይ ብሎኝ!»

ሰውመሆን ከሰው መሃል ወጣ። ከስቷል።

«ካስዬ…»

«ካስዬ አትበለኝ! ለጓሮዬ ያን ስም ያወጣው ማን ነው?»

«አዘጋጆቹ ናቸው። እኔ ግን ዝም አልሁ።»

«ለምን ዝም አልህ?»

«አንዲት ሴት እኔ ስለለመንኋት ሽንኩርቷን አበላሸች ብዬ ብጽፍ… የሚስቁብኝ መሰለኝ።»

«ይሳቅብህ! በእኔ ወረታ በሙሉ ስቋል። አንተ አንድ አዳራሽ ፈራህ?»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሷም ሊራራ ያለውን ልቧን ተቆጣችው። «የተተወ ጓሮ» የሚለውን ወረቀት ከግድግዳው ገነጠለችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ሽማግሌ ልከህ መልሼብሃለሁ። አሁን የምልክ እኔ ነኝ። ሐሙስ ከአባትህ ቤት ተገኝ።»

ሴት ሽማግሌ ስትልክ ማን ሰምቶ ያውቃል? ደሴ «አዋረድሽን!» ብሎ ጮኸ። እንዲሄዱላት የለመነቻቸው መሪጌታም አንገራገሩ። «ልጄ፣ ይህ ወግ አይደለም። ደግሞስ ሽማግሌ በሥራ ቀን ይሄዳል?»

«እርስዎ እምቢ ካሉ ብቻዬን እሄዳለሁ። ብቻዬን ከሄድሁ ደግሞ ምን እንደምናገር ያውቁታል።»

መሪጌታ ያውቁታል። ከዘራቸውን አነሱ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ከሰውመሆን አባት ከአቶ በላቸው ፊት ቆሙ። ካሳነሽ እግሯ ጭቃ እንደሆነ ደጃፉን ሞልታ ቆማለች፤ ጎረቤቱ ከኋላዋ ይንጠራራል። መሪጌታ «ልጅዎን ለልጃችን» ሲሉ አቶ በላቸው ማን ማንን እንደሚጠይቅ ጠፋቸው።

ሰውመሆን ተነሳ። «አባባ፣ መጀመሪያ እኔ ልናገር። ያ ሽንኩርት ያበበው እኔ ለምኛት ነው። ሰው የሳቀባትም በእኔ ምክንያት ነው። ጓሮዋ አንድም ቀን ተትቶ አያውቅም። የፈራሁት እኔ ነኝ።»

ካሳነሽ የነጠላዋን ጫፍ ጨምድዳ ይዛ ቆየች።

«ሰምቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «አሁን እሺ በል ወይ እምቢ በል። ሽንኩርቱ ላይ ውሃ ለቅቄ ነው የመጣሁት።»

ሰውመሆን እሺ አለ፤ ውሃውን አብሯት ሊመልስ ጫማውን እያወለቀ።