የናርዶስ ሰፊ ዩኒፎርም

ጠጋ በሉ ልጆች፣ አንድ ተረት አለኝ። እንደ ትኩሳት ሽሮፕ ትንሽ ይመራል፤ ግን ይዋጣል።

ናርዶስ የምትባል ልጅ ነበረች። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ወሬ ነፍሷ ነው።

ከእንቅልፏ ስትነሣ ታወራለች። ስትበላ ታወራለች። ፊቷን ስትታጠብ እንኳ ሳሙናው አፏ ውስጥ እየገባ ታወራለች።

አባቷ ታምራት ልብስ ሰፊ ነው። በራፉ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ይሰፋል። ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ!

እናቷ ወይንሸት ቁልፍ ትሰፋለች። ናርዶስ ከስፌት መኪናው ሥር ቁጭ ብላ የተረፉትን ቁልፎች እየደረደረች ፊደል ትሠራለች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሥራ ይበዛል። ዩኒፎርም የማያሰፋ የለም።

አረንጓዴው ጨርቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ቀዩ ጨርቅ የግል ትምህርት ቤት ነው።

ቀዩም አረንጓዴውም ሰፋ ተደርጎ ነው የሚሰፋው። እጅጌው ጣት ይውጣል፤ እናቶች ግን «ያድግበታል» ይላሉ።

ማደጉንስ ያድጋል። እስኪያድግ ድረስ ግን ልጁ የአጎቱን ኮት የለበሰ ይመስላል።

ያን ዓመት የናርዶስ ተራ ደረሰ። የት ትማር? ቤት ውስጥ ክርክር ተነሣ።

እማዬ ቤት ትማር አለች። ፊደሉን እኔው አስተምራታለሁ፣ ሳቋን እየሰማሁ ልዋል አለች።

አባዬ የግል ትምህርት ቤት ትግባ አለ። ቀይ ልብስ የሚያሰፉት ልጆች እንግሊዝኛ ሲያወሩ እሱ አይገባውም፤ ይህ ነገር ሆዱን ይበላዋል።

ደንበኞቹም አፋቸውን አልሰበሰቡም። አንዷ የመንግሥቱ ይሻላል፣ ቅርብ ነው አለች። ሌላው የለም፣ እዚያ ልጅ ይበዛል፣ ማን ያያታል አለ። ሌላዋ ደግሞ ቤት የተማረ ልጅ ሰው ይፈራል አለች።

ሁሉም ተናገረ። ናርዶስን ግን ማንም አልጠየቃትም።

ቢጠይቋት መልስ ነበራት። የጎረቤቷ ልጅ ምንተስኖት፣ የልብ ጓደኛዋ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሊገባ ነው።

የዚያ ትምህርት ቤት ደወል ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። ዘበኛው በብረት ሲመታው ሠፈሩ ሁሉ ይሰማል። ቋ! ቋ! ቋ!

ናርዶስ ያንን ቸርኬ ቀርባ ማየት ትፈልጋለች። ከምንተስኖት ጋር አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ ትፈልጋለች።

ናርዶስን ግን ማንም አልጠየቃትም። አባዬ ቀዩን ጨርቅ ቆረጠ። ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ!

ናርዶስ ዩኒፎርሙን ለበሰችና «አባዬ፣ እጄ የት ሄደ?» አለች።

«ታድጊበታለሽ» አላት።

ጠዋት ሚኒባሱ መጣ። ፒፕ! ፒፕ! ምንተስኖት ከመንገዱ ማዶ አረንጓዴ እጅጌውን አወዛወዘላት፤ የሱም እጅ አይታይም።

የቀይ ለባሾቹ ትምህርት ቤት ያምራል። ሸርተቴ አለው፤ ዥዋዥዌ አለው፤ ግድግዳው ላይ ዝሆን ተስሏል።

አንድ ሕግ ደግሞ አለው። ግቢው ውስጥ አማርኛ የተናገረ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበታል። ሌላ አማርኛ ተናጋሪ እስኪያዝ ድረስ አያወልቀውም።

ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም። ያወጣው ሰው ግን እናቱ በምን ቋንቋ እሹሩሩ እንዳለችው ረስቷል።

ናርዶስ ዝሆኑን አየችና «ጆሮው ሲያምር!» አለች። እንጨቱ አንገቷ ላይ ገባ።

አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ ቀስ ብላ «እማዬ» እያለች ታለቅሳለች። ናርዶስ ብታሳብቅባት እንጨቱ ይወርድላት ነበር።

አላሳበቀችባትም። እስከ መውጫ ሰዓት ድረስ እንጨቱን ተሸከመችው።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሽንቷ መጣ። በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል አታውቅም። በአማርኛ እንዳትናገር ደግሞ እንጨቱ አለ።

ዝም አለች። እግሯን አነባበረች። ከንፈሯን ነከሰች። ዝም አለች።

ከዚያ ቀዩ ዩኒፎርም ረጠበ። ልጆቹ ሳቁባት፤ ለሳቅ እንጨት የለም።

ቤት ስትገባ እማዬ ምን ሆነሽ አለቻት። ናርዶስ ዝም። አባዬም ጠየቃት። ናርዶስ ዝም።

ስትበላ ዝም። ፊቷን ስትታጠብ ዝም። ሳሙናው አፏ ውስጥ አልገባም።

እማዬ ልጄን ምን ነካብኝ ብላ ተጨነቀች። አባዬ «ትለምደዋለች» አለ። ስለ ልብስ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

ቀናት አለፉ፤ ናርዶስ ግን አልለመደችውም። ልትናገር ስትል አንገቷን በእጇ ትዳብሳለች፤ ከዚያ ትተወዋለች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከስፌት መኪናው ሥር ገባች። ግራ ቀኙን አየች። የአባቷን ሱሪ ሳብ አደረገችና በሹክሹክታ ጠየቀችው።

«አባዬ፣ እዚህ ቤት በአማርኛ ማውራት ይቻላል?»

ጠክ፣ ጠክ... መኪናው ቆመ።

አባዬ ጎንበስ ብሎ እሱም ጠረጴዛው ሥር ገባ። ትልቅ ሰው ስለሆነ ጭንቅላቱን ገጨው። እንባው መጣ፤ ጭንቅላቱን ስላመመው ግን አይደለም።

«ይቻላል፣ የኔ እናት» አላት። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሳልጠይቅሽ ነው የሰፋሁልሽ።»

ያኔ ናርዶስ ሁሉንም ነገረችው። ዝሆኑን፣ እንጨቱን፣ ሽንቷን፣ ሳቁን። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ሰማች፤ በእጇ የያዘችው ቁልፍ ወደቀ።

«አሁን ልጠይቅሽ» አለ አባዬ። «የት መማር ትፈልጊያለሽ?»

«ቸርኬው ጋ» አለች ናርዶስ። ለማሰብ እንኳ አልቆየችም።

በማግስቱ ሦስቱም መንገዱን ተሻገሩ። ምዝገባው ግን አልቆ ነበር። ክፍሉ ሞልቷል፣ ለከርሞ ኑ ተባሉ።

ናርዶስ ዛፉ ሥር ቆማ ቸርኬውን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ተመልሰው ቤታቸው ገቡ።

ስለዚህ ናርዶስ ዘንድሮ ቤት ትማራለች። እማዬ ጎበዝ አስተማሪ ናት፤ አትቆጣም፣ ትሰማለች። ፊደሉ በቁልፍ እየተደረደረ ሊያልቅ ነው።

ቸርኬው ሲመታ ግን፣ ቋ! ቋ! ቋ!፣ ናርዶስ ቁልፎቹን ትታ በራፍ ላይ ትቆማለች።

ምንተስኖት ከሌላ ልጅ ጋር ይሮጣል። ያ ልጅ የወንበር ጓደኛው ነው።

አንዳንዴ ምንተስኖት ሊያጫውታት ይመጣል። አንድ ወንበር ላይ አራት ሆነው እንደሚቀመጡ፣ ዳር ያለውም እንደሚወድቅ ይነግራታል። አስተማሪዋ እስካሁን ስሙን አታውቅም፤ «አንተ ልጅ» ነው የምትለው።

ናርዶስ «እኔ ብሆን ዳር እቀመጥ ነበር» አለችው።

አባዬ ዛሬም ቀይ ጨርቅ ይሰፋል፤ እንጀራው ነው። አንድ ቀን አንዲት እናት ትንሽ ልጇን ለማስለካት ይዛ መጣች።

አባዬ ተንበርክኮ ልጁን አየው። «አንተስ የት መማር ትፈልጋለህ?» አለው።

እናትየው ሳቀች። «እሱ ምን ያውቃል? ሰፋ ያድርጉት፣ ያድግበታል።»

አባዬ ሰፋ አድርጎ ሰፋው። ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ! ያን ቀን እራቱን በደንብ አልበላም።

ናርዶስ ልትተኛ ስትል አልጋዋ አጠገብ መጣ። የመለኪያ ሜትሩን አውጥቶ አንገቷ ላይ ሲያደርገው ደነገጠች።

«ሜትር ነው፣ የኔ እናት» አላት። አንገቷን ትቶ ከትከሻዋ ጀመረ። ቀጥሎ ክንዷን እስከ እጇ ድረስ ብቻ ለካ።

«የከርሞው አረንጓዴ በልክሽ ይሆናል» አላት።

ናርዶስ አሰበች። «ከዚያ ባድግስ?»

«ካደግሽ እንደገና እሰፋዋለሁ።»

ናርዶስ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች። ከዚያ ስለ ዝሆኑ ጆሮ ማውራት ጀመረች፤ ዓይኗ ተከድኖም አፏ አልተከደነም።

አባዬ ወደ ስፌት መኪናው አልተመለሰም። እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ ቁጭ ብሎ ሰማት።

ተረቴ አለቀ፤ አፌን በዳቦ አታብሱልኝ። ይልቅ እናንተን ዛሬ ማንም ያልጠየቃችሁ ነገር ካለ ንገሩኝ፤ በየትኛውም ቋንቋ እሰማለሁ።