ያልተተከለው ዋካ

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አለ ኦርካይዶ፣ የሥራ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ።

ኩሲያ ሳሎኑ መሐል ያቆመውን የእንጨት ሐውልት ዳበስ አደረገ። በትምህርት ቤቱ የአናጢ ክፍል ሲጠርበው ነው የከረመው። «አንተ ነህ፣ አባዬ። ዋካ ሠራሁልህ። ነገ ዙሪክ የወጣቶች ኤግዚቢሽን ላይ ይቀርባል። ርእሱ ‹ድፍረት› ነው።»

አባቱ ወደ በሩ አፈገፈገ። «ሞቻለሁ እንዴ?»

«ማን ሞተ አለ?»

«ታዲያ ኮንሶ ዋካ የሚተከለው ለማን ይመስልሃል? ለሞተ ጀግና ነው! አንበሳ ለገደለ፣ ጠላት ለጣለ! እኔ ኤርፖርት ሻንጣ የምጭን ሰው ነኝ። ነገም ፈረቃ አለብኝ። በቁሜ ትቀብረኛለህ?»

ኩሲያ ደሙ ፈላ። ፈረንጅ አገር፣ ሜራን ከተማ ተወልዶ እዚያው ያደገ ልጅ ይህን ከየት ያምጣው? አባቱን ሲጠይቁት መልሱ «ሥራ ላይ ነኝ» ነው፤ ሲሳሳቱ ደግሞ ይጮኻል።

በማግስቱ ሐውልቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከጓደኛው ከጁሀር ጋር ባቡር ተሳፈረ። ጁሀርም ለኤግዚቢሽኑ የሳለውን ሥዕል በጉልበቱ ደግፎ ቺፕስ ይቆረጥማል።

«አታካብድ በናትህ። አያቴ ናቸው በላቸው። ፈረንጅ የአያትህን ፊት የት ያውቃል?»

«አባቴ ያውቃል።»

«አባትህ እንደሆነ አይመጣ!»

«መጀመሪያ ዋጥ። ፊቴ ላይ እየረጨኸው ነው።»

ኩሲያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የሚተከለው፣ ነበር ያለው አባቱ። የሚተከለው።

አዳራሹ ውስጥ አዘጋጇ እየሳቀች ተቀበለቻቸው። ከመንገድ የሚታየውን ትልቁን መስኮት ለኩሲያ ይዛለት ነበር። አላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚያየው እዚያ የቆመውን ነው።

«ለመሆኑ ማን ናቸው?» አለችው፣ ከሜራን እንደመጡ ስለምታውቅ በእነሱው ፈረንሳይኛ።

ጁሀር በክርኑ ጎሸመው። «አያቱ ና...»

«ዝም በል» አለው ኩሲያ።

ሐውልቱን አቅፎ ከመስኮቱ ራቅ ወዳለ ጥግ ወሰደው። ብርድ ልብሱን ወለሉ ላይ ዘርግቶ በጀርባው አስተኛው፤ ጫፉንም አጥፎ ከራሱ ሥር አደረገለት።

«አበድክ?» አለ ጁሀር። «መስኮቱስ?»

«ያንተን ስቀልበት።»

አዘጋጇ ደንግጣ ተከትላቸው መጣች። «ወደቀ እንዴ?»

«አልወደቀም» አላት ኩሲያ። «ለመቆም ጊዜው አልደረሰም። ሰውየው ገና ሥራ ላይ ነው።»